«የጦርነቱ ነው» የተባለው የልቤ ምት

ይህን የምጽፈው ቁጭ ባለችበት ልቧ ድው ድው ለሚልባት፣ እየበላች ለምትከሳ፣ «ጊዜው ነው፣ ያልፋል» እየተባለች ቤቷ ለተቀመጠች ሴት ነው። እኅቴ፣ ተነሺና ሐኪም ቤት ሂጂ። አንዱ «ጭንቀት ነው» ብሎ ቢመልስሽ ሌላው ጋ ሂጂ። እኔ ለወራት «ዘንድሮ ማን ያልተጨነቀ አለ?» እየተባልኩ፣ ራሴም ለሌላው እንዲሁ እያልኩ፣ ልቤን ላጣው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ስሜ ውባለም ነው። ዳባት ተወልጄ ጎንደር የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ አያልነህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ አራዳ ውስጥ ተከራይተን እንኖራለን። ልጅ አልወለድንም። በቤታችን ልጅ የሚባል ካለ ታናሽ ወንድሜ ምስጋናው ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሲገባ እናቴ ከዳባት አምጥታ አስረከበችኝ፤ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ዳባት ተመልሶ ስልክ መጠገኛ ሱቅ እስኪከፍት ድረስ እኔ ቤት አደገ። «እታለም» ነው የሚለኝ። እንደ እናት ያከብረኝ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ዋና ሥራው በእኔ መቀለድ ነበር። ደውሎ ሳያበሽቀኝ ስልኩን ዘግቶ አያውቅም።

ሕመሙ የጀመረኝ በዚያ በጦርነቱ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። በዓሉን ከሰው ሁሉ በላይ በልቼ ቀሚሴ ሰፋኝ። የሥራ ባልደረቦቼ «ምን ወስደሽ ነው? ለእኛም ንገሪን» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ። ቀጥሎ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰሌዳ ላይ ክብ ስሥል ድንች ይሆንብኛል፤ ተማሪዎቼ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ሐምሌ ገብቶ ሰው ሁሉ በብርድ ሲቆራመድ እኔ መስኮት ከፍቼ፣ ብርድ ልብሱን ገፍፌ እተኛለሁ። አያልነህ ጋቢውን ተከናንቦ «ልትገድይኝ ከሆነ ሌላ መንገድ ፈልጊ» ይለኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ ተጠጋ። ከሰሜን የተፈናቀሉ ሰዎች የምናስተምርባቸው ክፍሎች ውስጥ ሰፈሩ። ከዳባት ወዲያ ስልክ አይሠራም። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበን ለዘማቹ ስንቅ እናዘጋጅ ነበር። እኔ በሶውን ላስቲክ ውስጥ ስጨምር ግማሹ መሬት ይደፋል።

«ተይው፣ አንቺ ቁጭ በይ» አለችኝ አንዷ ጎረቤቴ። «ዘንድሮ እጁ ያልተንቀጠቀጠ ማን አለ?»

እውነቷን ነበር፤ ጉዱም ይኸው ነው። ያን ሰሞን የሚተኛ ሰው የለም። የመኪና ጎማ ሲፈነዳ መንገደኛው ሁሉ ይበረግጋል። እናቶች ይከሳሉ፣ ወንዶች ያለ ምክንያት ይቆጣሉ፣ ሁሉም ያልበዋል። በሽታዬ የሚደበቅበትን ዓመት መርጦ ነበር የመጣው።

መጀመሪያ የሄድኩት ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ነው። ደም ወስደው «ታይፎይድ አለብሽ» አሉኝ። ደም የሰጠ ሁሉ ታይፎይድ ይዞ ነው የሚወጣው፤ እኔም ይዤ ወጣሁ፣ ክኒኑን ጨረስኩ፣ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ በርበሬና ቡና ከለከለኝ። ሁለቱንም ተውኩ፤ ልቤ ባሰበት።

ሦስተኛው ትልቅ ሐኪም ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ዋልኩ። ፊት ለፊቴ ቁስለኞች በቃሬዛ ይገባሉ። አንዱ የተማሪዎቼ እኩያ ነው፤ እናቱን ሳይሆን ጫማውን ነበር የሚጠይቀው፣ «ጫማዬ የት ነው?» እያለ። እኔ በሁለት እግሬ መጥቼ «ልቤ ይመታል» ልል መሆኑ አሳፈረኝና ደጋግሜ ተነሥቼ ልሄድ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ያገኘሁት ሐኪም ዓይኑ ቀልቶ፣ ቀና ለማለት እንኳ አቅም ያጣ ሰው ነው። አንገቴን አልነካም፣ ልቤን አላዳመጠም።

«የዘመተ ዘመድ አለሽ?» አለኝ።

«ወንድሜ ሊሄድ ነው።»

«በቃ፣ እሱ ነው።»

የእንቅልፍ ክኒን አዘዘልኝ። አልተቀየምኩትም ብል ውሸት ነው። ድካሙን አይቻለሁ፣ ማን ሲሞት እንዳደረም አላውቅም፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ሳስበው ያበግነኛል። በዚያ ዓመት ያ አንድ ጥያቄ የደም ምርመራን ተክቶ ነበር።

ምስጋናው ሊሰናበተኝ የመጣው በነሐሴ ነው። ሱቁን ዘግቶ ከዳባት ልጆች ጋር ሊዘምት ነበር። እኔ አልቅሼ ለመንኩት፣ አያልነህም ለመነው።

«እማ እዚያ ናት» አለ። «ቤቷን ጥላ አትወጣም። እኔ ካልቆምኩላት ማን ይቆምላታል?» ቀልዱን ትቶ የተናገረው ያን ብቻ ነው። ከዚያ ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። «ምነው ዓይንሽ እንዲህ ፈጠጠ፣ እታለም? ፈተና ስታርሚ የምታወጭውን ቁጣ ቋሚ አደረግሽው እንዴ?»

«ባንተ ምክንያት ነዋ!»

«ኧረ ባክሽ! እኔ ለመዝመት ሳላስብም ስትንቀጠቀጪ አይቼሻለሁ። በእኔ አታሳብቢ፤ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። ስመለስ እንዲህ ሆነሽ ካገኘሁሽ እዚያው እመለሳለሁ።»

ቃል ገባሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዳን የምፈልገው ለሌላ ለምንም አልነበረም፤ እሱ ሲመጣ ደህና ሆኜ በሩን እንድከፍትለት ነው።

እናቴ ሕመሜን ሰምታ ከዳባት በጭነት መኪና ተሳፍራ መጣች። ያየችው አልገባትም፤ «ዓይን ነው» ብላ ጠበል ወሰደችኝ። በማለዳው ያን ብርዳም ውሃ ሲያፈሱብኝ ሌላው ሰው ይጮኻል፣ እኔ ግን ሰውነቴ እሳት ስለነበር ውሃው ጣፈጠኝ። «ይጨመርልኝ» ስል አጥማቂው አባ ደነገጡ። «ስምንተኛ ቀንሽ ነው፤ እስካሁን ያልለፈለፈ ነገር ከሆነ መንፈስ አይደለም፣ ልጄ። ሐኪም ይይሽ» አሉ። ሐኪሙ ወደ ጦርነቱ መራኝ፣ አባ ወደ ሐኪም መለሱኝ።

ለመስከረም ምዝገባ ተማሪ ስንቀበል የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቅሁ። ልቤ ምቱን ስቶ እንደ ታፈነ ወፍ ይራገብ ነበር። አያልነህ ባጃጅ ውስጥ አስገብቶ ሌላ ክሊኒክ አደረሰኝ። እዚያ ያገኘኋት ወጣት ሐኪም ስለ ዘማች አልጠየቀችኝም። ውሃ በብርጭቆ ሰጥታኝ «ጠጪ» አለች፤ እኔ ስውጥ እሷ አንገቴን ታያለች።

«እዚህ ጋ እብጠት አለ፣ ስትውጪ ከፍ ዝቅ ይላል። ማንም አላየውም?»

አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ ታይሮይድ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። ሰውነታችን በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የምታዘው እሷ ናት። የእኔዋ ከልክ በላይ ትሠራ ነበር። ለዚህ ነው ልቤ የሚሮጠው፣ የበላሁት የማይረጋው፣ የሚሞቀኝ፣ እጄ የሚንቀጠቀጠው፣ ዓይኔ የፈጠጠው። አገሩ እንቅርት የሚለው ጎልቶ ያበጠውን ነው፤ የእኔ ገና ስላልጎላ ሻሼ ይሸፍነው ነበር። ደሜ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ እንዳለችው ሆነ።

ክኒን ጀመርኩ። አያልነህን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ የነገረችው በተገርበበው በር ይሰማኝ ነበር። «በሽታው ልቧን ጎድቶታል። ክኒኑ እስኪይዝላት ድረስ ድንጋጤ አይስማማትም። ከባድ ነገር እንዳታሰሟት፤ ልቧ ሊቆም ይችላል።» እኔ በውስጤ ሳቅሁ። ዘንድሮ ድንጋጤ የሌለበት አገር ካለ ንገሩኝና ልሂድ ነበር ያልኩት።

እናቴ ለማስታመም አብራኝ ሰነበተች። በመስከረም ማለቂያ ብቻ «ቤቴን አይቼ ልምጣ» ብላ ለጥቂት ቀን ዳባት ደርሳ ተመለሰች። ክኒኔን በሰዓቱ እውጣለሁ፣ ለቁጥጥር እየሄድኩ ወረፋ እጠብቃለሁ። በመካከሉ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒቱ ከፋርማሲው ሁሉ ጠፋ። ወረፋ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች፣ ያው በሽታ ያለባት የእንፍራንዝ ሴት «የሚቀጥለው ጭነት መቼ እንደሚገባ አይታወቅም» ስባል ሰማች። ከቦርሳዋ ያላትን አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ። «አንቺስ?» ብላት «የእኔ ዓይን ገብቷል፣ ያንቺ ገና ነው» አለችኝ። ስሟን ጠይቄ ነበር፤ ተጠርታ ገባችና ሳትነግረኝ ቀረች።

ከምስጋናው ስልክ የለም። ግን አያልነህ አልፎ አልፎ መልእክት ያመጣልኝ ነበር። «ከግንባር የመጣ ልጅ አግኝቶት ነበር፤ ደህና ነው። ክኒኗን በደንብ ትዋጥ፣ ራሷን ትጠብቅ ብሏል።» ይህን በሰማሁ ቁጥር ክኒኑ ይጣፍጠኝ ነበር ማለት እችላለሁ።

በኅዳር እናቴ «ዳባት የዘመድ ልጅ ክርስትና አለ» ብላ ተነሣች። ትልቁን ድስቴን ሰጠኋት፣ ጤፍም ጨመርኩ። «ለአራሷ እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ» አልኳት። እቃውን አያልነህ ተሸክሞ አብሯት ሄደ። ባሌ ለክርስትና ብሎ ከሥራው ቀርቶ ዳባት ድረስ ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ግን ያኔ የእኔ አእምሮ አንድ ነገር ላይ አያርፍም። በሽታው ከሚያደርገው አንዱ ይህ ነው፤ ሁሉን ታያለሽ፣ ምንም አታስተውዪም።

በታኅሣሥ እጄ ጸጥ አለ። እስክሪብቶ አንሥቼ ወረቀት ላይ ክብ ሣልኩ፤ ክብ ሆነ። ሥጋዬ መመለስ ጀመረ፣ እንቅልፌም መጣ። አንድ ከሰዓት ከእናቴ ጋር በር ላይ ፀሐይ ስንሞቅ ፊቷን አየሁት። በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ የወረደ ጠባሳ አለ።

«እማ፣ ፊትሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«እንጨት ስፈልጥ ፍንጣሪ መትቶኝ ነው፣ ሸጋዋ።»

የኛ አገር ሰው ነኝ። ልጇ የሞተባት እናት ፊቷን በጥፍሯ ስትነጭ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ሲድን ምን እንደሚመስልም አውቃለሁ። ያ ፊት ስንት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ሲያጎርሰኝ ከርሟል፤ እኔ ያየሁት ግን ዓይኔ ከተረጋጋ በኋላ ነው። ሻሿን አየሁ። ከሥሩ የሚታይ ፀጉር የለም፤ ተላጭታለች። የክርስትናው ድስት ትዝ አለኝ። «ክኒኗን በደንብ ትዋጥ» የሚለው መልእክት ትዝ አለኝ። ምስጋናው ሳያሾፍብኝ ሰላምታ የላከው በስንት ዘመኑ ነው?

ልቤ መታ። ያን ቀን ለመምታት ምክንያት ነበረው። ግን አልቆመም።

አልጮህኩም። «ፀሐዩ በረታ፣ እንግባ» አልኳት። ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርሽ፤ የሚጠብቁት የእኔን መዳን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። በሽተኛ መርዶ አይነገረውም። እኔ እስካልዳንኩ ድረስ ሞተ የሚለኝ አፍ የለም፤ ሞተ ያልተባለ ሰው ደግሞ ዘማች ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ክኒኑን ምላሴ ሥር እይዝና መታጠቢያው ውስጥ እተፋው ጀመር። ያቺ የእንፍራንዝ ሴት ከራሷ ቀንሳ የሰጠችኝን ክኒን ነው የተፋሁት። እጄ ተመልሶ ተንቀጠቀጠ። አያልነህ ሊያብድ ደረሰ፤ «መድኃኒቱ ተላምዷት ይሆን?» እያለ ሐኪሟ ጋ ይመላለሳል። እኔ ደግሞ ስንቀጠቀጥ ወንድሜ በሕይወት ያለ ይመስለኝ ነበር።

የመለሰኝ ምክር አይደለም። አንድ ቀን እናቴ ማድ ቤት ገብታ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ ከፈተችው። ዘፈን የምታዳምጥ ሴት አይደለችምና ተነሥቼ በመስኮት አየሁ። ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ደረቷን ትደቃለች። አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ልጇን ቀብራ ሳይሆን ሬሳውን እንኳ ሳታይ፣ የሚያለቅሱላት ጎረቤቶች ዳባት እያሉ፣ እኔ ቤት ውስጥ ነጭ ለብሳ ትስቅልኝ ነበር። ፊቷን ታጠበች፣ ሬዲዮኑን ዘጋች፣ ወደ እኔ መጣችና «ምን ልሥራልሽ፣ ሸጋዋ? የሚያምርሽ ነገር አለ?» አለችኝ።

በዚያው ምሽት ክኒኑን ዋጥኩት፤ ከዚያም አላቋረጥኩም።

ጥር ሲገባደድ ሐኪሟ የደሙን ውጤት አየች፣ ልቤን ደጋግማ አዳመጠች። «ክኒኑን ገና ትቀጥያለሽ፤ ግን ደምሽ ልኩን ይዟል፣ ልብሽም ምቱን አስተካክሏል። እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ። እኔ አያልነህን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

«እንግዲህ… ምንም ነገር ብትሰማ ችግር የለም ማለት ነው?» አላት።

ሐኪሟ ገባት። መልስ ከመስጠቷ በፊት እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ «አዎ፣ ትችላለች» አለች። በጥይት የተመታ ሰው ቢድን እልል ይባልለታል፤ የእኔን መዳን ግን አንድም ሰው ደስ ብሎት አልተቀበለውም።

ቤት ስገባ እናቴ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«እማ፣ ሐኪሟ ድነሻል ብላኛለች። ነገ ጠዋት ይምጡ» አልኳት።

«እነማን ናቸው የሚመጡት?»

«የሚያረዱኝ ይምጡ። አውቄዋለሁ።»

ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እቅፍ አድርጌያት እዚያው አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ያኔም አላለቀስንም፤ ሥርዓቱ አለና።

ጎሕ ሲቀድ መጡ። የአባቴ ወንድም አያ ፈንታ፣ የነፍስ አባቴ፣ የዕድር ሴቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ። አያ ፈንታ በትሩን ተደግፎ «ልጄ፣ ምስጋናው በመስከረም ወድቋል። እግዜር ያጥናሽ» አለ። በዚያ ዓመት ያን ቃል ስንት ቤት እንደተናገረው እግዜር ይወቅ፤ ድምፁ ደክሟል። እኔ ጮህኩ፤ ሰዉም ተከተለኝ። ግን ተከትሎኝ ብዙ አልቆየም። እነሱ ያለቀሱት በመስከረም ነው። አርባውን በልተውለታል፤ በእኔ ድስት፣ በእኔ ጤፍ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ ሐዘኑ ትኩስ የሆነበት ግን እኔ ብቻ። ከሰዓት ሳይደርስ ግማሹ ወደ ሥራው ሄደ። አንዷ ስትወጣ ለጓደኛዋ «እኛማ ከረሳነው ቆየን፣ ምስኪን» ስትል ሰምቻለሁ።

በሽተኛ ላለበት ቤት መርዶ ይደበቅ ወይስ ይነገር ብትዪኝ አላውቅም። ያኔ ቢነግሩኝ ሞቼ ነበር፤ ይህን ሐኪሟም ብላለች። በውሸታቸው ነው የኖርኩት። ቢሆንም ይቅር አላልኳቸውም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እንደማደርግ እያወቅሁ ይቅር አላልኩም።

ለቅሶው ጋብ ሲል አያልነህን ጠየቅሁት። «ያን ሁሉ መልእክት አንተ ነህ የፈጠርከው?»

«እኔ ነኝ» አለኝ። «ቀልድ ልጨምርበት ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም።»

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ጥቁር ለብሳ መጣች። እኔ ቤት ጥቁር ስትለብስ የመጀመሪያዋ ነው። በአንድ እጇ ውሃ፣ በሌላው ክኒኔን ይዛለች። እንደ ታመምኩ ሁሉ ቀና አድርጋ ደገፈችኝ።

«ዋጪው፣ ልጄ» አለችኝ። «ከእንግዲህ የምንደብቅሽ ሰው የለንም።»